ክፍያውን የሚክሰው ፕሮጀክቱ ነው፦ ኦንላይን የሚሰጠው የአካውንቲንግ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ኮርስ ሲገመገም

አካውንቲንግ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ፣ በተማሪው አጠራር ኤአይኤስ፣ የሂሳብ መረጃ የሚመዘገብበትና የሚጠበቅበት ሲስተም እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምር ኮርስ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ኦንላይን ሲሰጥ ከኮሌጅ ኮሌጅ ብዙም አይለያይም። አብዛኛውን ጊዜ 3 ክሬዲት ነው። በየሳምንቱ አንድ ሞጁል ይከፈታል፤ ተቀርጾ የተቀመጠ ቪዲዮ አለ፣ የውይይት ጥያቄ አለ፣ ኩዊዝ አለ፣ ከአጋማሹ በኋላ ደግሞ የዳታቤዝ (መረጃ በተያያዙ ሠንጠረዦች የሚቀመጥበት) ፕሮጀክት ይመጣል። ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ፦ ፕሮጀክቱና ስህተትና ማጭበርበር እንዴት እንደሚከላከሉ የሚያስተምረው የውስጥ ቁጥጥር ክፍል ለከፈላችሁት ገንዘብ ይመጥናሉ። ቪዲዮው በአንድ ተኩል ፍጥነት ቢታይ የሚጎድል ነገር የለም፤ የውይይት ገጹም ነጥብ ለመልቀም እንጂ ለመማር አይሆንም። ሲላበሱ (የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ) ላይ ዳታቤዝ የሚል ቃል ከሌለና ሥራው ሁሉ ኤክሴል ላይ የሚያልቅ ከሆነ ያንን ትታችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከኢትዮጵያ በአካውንቲንግ ተመርቆ የመጣ ሰው የኮርሱን ስም ሲሰማ ቶሎ የሚታወሰው ፒችትሪ ነው። ሶፍትዌሩ ሴጅ 50 ከተባለ ከ10 ዓመት በላይ ቢሆነውም አገር ቤት የሥራ ማስታወቂያውም ማሠልጠኛውም ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚለው። ልምዱ ይጠቅማል፤ ኮርሱ ግን ስለ ፒችትሪ አይደለም፣ ስለ ኩዊክቡክስም አይደለም። ፒችትሪ ላይ የዱቤ ሽያጭ መዝግባችሁ ሴቭ ስትሉ ተሰብሳቢው ደቢት፣ ሽያጩና ቫቱ ክሬዲት ይሆናሉ፤ የተሸጠው ዕቃ ዋጋም ከክምችት ይቀነሳል። ስክሪኑ ከጀርባ ምን እንደተደረገ አይናገርም። የደንበኛ መለያ ላይ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚለይ፣ አንዱ ሠራተኛ በትልቅ፣ ሌላው በትንሽ ፊደል የከፈተው ያው ደንበኛ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀመጣል፤ ዕዳውም ለሁለት ይሰነጠቃል። ኤአይኤስ የሚጠይቀው ይህ ለምን ሆነ፣ ሲስተሙ ሲሠራ ምን ቢደረግ ኖሮ አይሆንም ነበር የሚለውን ነው።

የ16 ሳምንቱን ልያዝ የ8 ሳምንቱን ለሚል፣ ስሌቱ እንዲህ ነው። በአሜሪካ የተለመደው የክሬዲት መለኪያ ለ1 ክሬዲት በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል፣ 2 ሰዓት የግል ሥራ፣ ለ15 ሳምንት ያህል ነው። ለ3 ክሬዲት በሳምንት 9፣ በድምሩ 135 ሰዓት ይመጣል። በ8 ሳምንት ሲታጨቅ በሳምንት ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ሰዓቱ ብቻ ቢሆን እንቅልፍ ተቀንሶም ይገፋ ነበር። ነገር ግን ገና ሲነደፍ የተበላሸ ዳታቤዝ ብልሽቱ የሚታየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሪፖርት ሲወጣ ነው። በአጭሩ ኮርስ አስተማሪው አስተያየቱን እስኪልክ የሚቀጥለው ማስረከቢያ ይደርሳል፤ እርማት የሌለው ስህተት በስህተት ላይ ይደራረባል። ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው 16ቱን ቢይዝ ይሻለዋል።

ከመመዝገብ በፊት ኮምፒውተራችሁን እዩ። ዳታቤዙ በአብዛኛው የሚሠራው በማይክሮሶፍት አክሰስ ነው፤ አክሰስ ደግሞ የማክ እትም የለውም፣ እንደ ኤክሴልም በብራውዘር አይከፈትም። ማክ ያለው ሰው ኮሌጁ በርቀት የሚከፍትለትን የዊንዶውስ ላብ ይጠቀማል፣ ወይም ማኩ ላይ ዊንዶውስ ይጭናል፣ ወይም ያገለገለ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ይገዛል። የመጀመሪያው ነፃ ነው፤ እዚያ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል ግን ስትወጡ ሊጠፋ ስለሚችል ሥራው ባለቀ ቁጥር ወደ ራሳችሁ ማውረድ አለባችሁ። ስልክና ታብሌት ለቪዲዮው ይበቃሉ፣ ለፕሮጀክቱ አይሆኑም። በነገራችን ላይ መመዝገቢያው ላይ «አክሰስ ኮድ ያስፈልጋል» የሚለው ከዚህ ሶፍትዌር ጋር አይገናኝም። እሱ የመጽሐፉ አሳታሚ ለቤት ሥራ ገጹ ለብቻው የሚያስከፍለው የይለፍ ቁጥር ነው። በስሙ ተሳስቶ ገዝቶት ሶፍትዌሩን የሚጠብቅ ተማሪ አይጠፋም። ብዙዎቹ አሳታሚዎች 2 ሳምንት ያህል በነፃ ያስገባሉ፤ ኮርሱን እንደማትለቁ እስክታረጋግጡ በዚያ ቆዩ።

የተለመደው ፕሮጀክት የአንድ ትንሽ ሱቅ የሽያጭ ዑደት ነው፦ ዕቃ በዱቤ ይሸጣል፣ ገንዘቡ ቆይቶ ይሰበሰባል። ንድፉ የሚነሣው አርኢኤ ከሚባለው ሞዴል ነው፤ የአካውንቲንግ ፕሮፌሰሩ ዊሊያም ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረበው ነው። ሀብቱን በግራ፣ ድርጊቱን በመሀል፣ ሰዎቹን በቀኝ ታስቀምጣላችሁ። ዕቃና ጥሬ ገንዘብ ሀብት ናቸው፤ ሽያጭና የገንዘብ ገቢ ድርጊት ናቸው፤ ደንበኛ፣ ሻጭና ገንዘብ ያዥ ሰዎቹ ናቸው። ደቢትና ክሬዲት የሚባል ነገር ሥዕሉ ላይ የለም፤ ለዓመታት በቲ አካውንት ያሰበ ሰው እዚህ ላይ ግር ይለዋል። ተሰብሳቢ ሂሳብም ሳጥን የለውም፦ ከተሸጠው የተሰበሰበውን ቀንሶ የሚገኝ ቁጥር ነው እንጂ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ሥዕሉ ወደ ቴብል (የዳታቤዙ ሠንጠረዥ) ሲለወጥ ሁለት ቦታ ላይ ነጥብ ይፈሳል። የመጀመሪያው ሽያጭና ዕቃ የሚገናኙበት ነው። አንድ ሽያጭ ብዙ ዓይነት ዕቃ ይይዛል፤ አንድ ዓይነት ዕቃም በብዙ ሽያጭ ይወጣል። ስለዚህ በመሀላቸው የሽያጭ ዝርዝር የሚባል የራሱ ቴብል ያስፈልጋል፤ ቁልፉም (እያንዳንዱን መስመር ከሌላው የሚለየው) የሽያጩ ቁጥርና የዕቃው ቁጥር አንድ ላይ ናቸው። «ዕቃ 1፣ ዕቃ 2፣ ዕቃ 3» እያለ በሽያጭ ቴብል ላይ ኮለም የሚደረድር ተማሪ አራተኛ ዕቃ የገዛ ደንበኛ ሲመጣበት ይቸገራል። ሁለተኛው ዋጋው ነው። መሸጫ ዋጋ ዕቃው ቴብል ላይ ብቻ ከተቀመጠ፣ በጥር ዋጋ ሲጨመር በኅዳር የተቆረጠው ደረሰኝ ድምርም አብሮ ይጨምራል። የተሸጠበት ዋጋ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ አለበት። ደንቡን አፍርሶ አንድን ነገር ሁለት ቦታ መጻፍ ይመስላል፤ አይደለም። አንዱ የዛሬ ዋጋ ነው፣ ሌላው በዚያ ቀን የተስማሙበት ነው።

ከዚያ አክሰስ ራሱ ማስቸገር ይጀምራል። ሁለት ቴብል በመስመር ለማገናኘት ስትሞክሩ የዳታ ዓይነቱ አይመሳሰልም ይላችኋል። ምክንያቱ አንደኛው ወገን አውቶነምበር (አክሰስ ራሱ ተከታታይ ቁጥር የሚሰጥበት) ሆኖ ሌላው ጽሑፍ ተብሎ መከፈቱ ነው። አውቶነምበር የሚገጥመው ነምበር ከሚባለው ዓይነት ጋር ነው፤ ያም የፊልዱ መጠን ሎንግ ኢንቲጀር ሲሆን ነው። ይህ ተስተካክሎ ዳታ ስታስገቡ ደግሞ «ተዛማጅ መዝገብ በሌላኛው ቴብል ውስጥ የለም» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ደንበኛው መኖሩን በዓይናችሁ እያያችሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ዲፎልት ቫልዩ የሚለው ሳጥን ውስጥ አክሰስ ራሱ የሚጽፈው 0 ነው። ባዶ የተዋችሁት ፊልድ ባዶ ሳይሆን 0 ይሆናል፤ ቁጥሩ 0 የሆነ ደንበኛ ደግሞ የለም። ዜሮዋን አጥፉ፣ ይሄዳል። ይህን የሚናገር የኮርስ ቪዲዮ ማግኘት ብርቅ ነው። ሉካፕ ዊዛርድ የሚለውንም ቴብል ውስጥ አትንኩት፦ ቁጥሩን ደብቆ ስሙን ስለሚያሳይ በኋላ ኩዌሪ (ከዳታቤዙ መረጃ የሚወጣበት ጥያቄ) ላይ ስም ትፈልጋላችሁ፣ እሱ ቁጥር ነው የያዘው፣ ምንም አያወጣም።

ኩዌሪው ላይ ያለው ወጥመድ ግን ከሁሉም ይከፋል፤ ምክንያቱም የስህተት መልእክት የለውም። አንድ ሽያጭ ውሰዱ፦ 3 ዕቃ፣ 500፣ 400 እና 300 ዶላር፣ ድምሩ 1,200። ደንበኛው ሁለት ጊዜ ከፍሏል፣ 700 እና 300፣ ድምሩ 1,000። ቀሪው 200 ነው። የሽያጭ፣ የሽያጭ ዝርዝርና የገንዘብ ገቢ ቴብሎችን በአንድ ኩዌሪ አገናኝታችሁ ድምር ብትጠይቁ፣ አክሰስ 3ቱን ዕቃ ከ2ቱ ክፍያ ጋር አባዝቶ 6 መስመር ይሠራል። እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ክፍያ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። ሽያጩ 2,400፣ የተሰበሰበው 3,000 ይሆናል፤ 200 ዶላር ዕዳ ያለበት ደንበኛ 600 ዶላር የሚመለስለት ሆኖ ቁጭ ይላል። መፍትሔው ሁለቱን ለየብቻ መደመር ነው። አንድ ኩዌሪ በሽያጭ ቁጥር የዕቃውን ድምር ያውጣ፣ ሌላው በሽያጭ ቁጥር የክፍያውን ድምር ያውጣ፣ ሦስተኛው ሁለቱን ያገናኝ።

ሦስተኛው ኩዌሪ ላይ የመገናኛውን መስመር ሁለት ጊዜ ተጫኑና «ከሽያጭ ወገን ሁሉንም አምጣ» የሚለውን ምረጡ። እንደ ነበረ ከተተወ፣ ምንም ያልተከፈለበት ሽያጭ በሌላኛው ወገን ጥንድ ስለሌለው ከነጭራሹ ይጠፋል። ተሰብሳቢ ሂሳብ እየፈለጋችሁ በትክክል የሚጠፉባችሁ ያልተከፈሉት ናቸው። ሁሉም ከመጡ በኋላ ደግሞ ያልተከፈለው ቦታ ባዶ ነው፤ ከ1,200 ላይ ባዶ ሲቀነስ መልሱ 1,200 ሳይሆን ባዶ ይሆናል። ኤንዚ የሚባለው ፈንክሽን ባዶውን ወደ 0 ይቀይረዋል። በመጨረሻም የኩዌሪውን ጠቅላላ ድምር ከቴብሉ ቀጥታ ድምር ጋር አስተያዩ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጀው ይህ ማመሳከር የፕሮጀክቱን ግማሽ ውጤት ያድናል።

የውስጥ ቁጥጥሩ ክፍል በቪዲዮ ሲሰጥ ደረቅ ነው። ኮሶ (COSO) የሚባለው የውስጥ ቁጥጥር ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. በ1992 ወጣ፣ በ2013 ታደሰ፣ 5 ክፍልና 17 መርሆ አለው፤ ሂሳባቸውን አጭበርብረው ከወደቁት ከኤንሮንና ከዎርልድኮም ኩባንያዎች በኋላ በ2002 የሳርቤንስ ኦክስሊ ሕግ መጣ፣ አንቀጽ 404 አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ድርጅት አመራር በየዓመቱ የፋይናንስ ሪፖርት ቁጥጥሩን እንዲገመግም ያስገድዳል። ፈተና ላይ ይመጣል፣ ይሸመደዳል። ሥጋው ያለው ግን ሰነዱ ላይ ነው፤ የኦንላይኑ ኮርስ ዋና ድክመትም እዚህ ላይ ነው። ሰነዱን በእጃችሁ አያስጨብጣችሁም። ተማሪው የግዥ ማዘዣ፣ የዕቃ መረከቢያና የሻጭ ደረሰኝ «ይመሳከራሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቦ ያልፋል።

አገር ቤት መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ለዚህ ዕድለኛ ነው፤ ሞዴል 19፣ ሞዴል 20 እና ሞዴል 22ን ያውቃል። ሞዴል 19 ዕቃ ወደ ንብረት ክፍል ሲገባ የሚቆረጠው ነው፤ በ20 ይጠየቃል፣ በ22 ይወጣል። ስሙን ቀይራችሁ የአሜሪካኑን ሥዕል አንብቡት። ግዥ ክፍል 40 ካርቶን ወረቀት አዘዘ። ንብረት ክፍል ቆጥሮ 38 ተረከበ። ሻጩ የ40 ደረሰኝ ላከ። ሦስቱ ወረቀት ተከፋይ ሂሳብ የሚይዘው ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ የሚከፈለው የ38 ነው። ይህ የሚሠራው ያዘዘው፣ የተረከበውና የሚከፍለው የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ ነው። ጥሩ ኮርስ አንድ እርምጃ ይጨምራል፦ ለተረካቢው የሚሄደው የማዘዣ ቅጂ ላይ ብዛቱ እንዳይታይ ይደረጋል። 40 የሚል ካየ 40 ብሎ ይፈርማላ፤ ካላየ መቁጠር ግዴታው ነው።

የባች ቁጥጥር (ተጠራቅመው በአንድ ላይ የሚገቡ መዝገቦች ቁጥጥር) ላይ ደግሞ ሀሽ ቶታል የሚባለው ተማሪን ሁሉ ያሳስቃል፤ የሠራተኞችን መለያ ቁጥር መደመር ምን ይጠቅማል? ይጠቅማል። የ25 ሠራተኛ የሰዓት መቆጣጠሪያ ገባ እንበል። አንድ ሰው የ1042ን 38 ሰዓት በ1067 ስም አስገባው። የመዝገቡ ብዛት ያው 25 ነው፣ የሰዓቱ ድምርም አልተነካም፤ ሁለቱም ቁጥጥር አላየውም። የመለያ ቁጥሮቹ ድምር ግን በ25 ይበልጣል። ሦስቱ ድምሮች ለምን አብረው እንደሚያዙ የሚገባው እንዲህ ያለ ምሳሌ ሲሠራ ነው። ልዩነት ሲመጣም ለ9 አካፍሉት፦ 5,400 የሚለው 4,500 ተብሎ ቢገባ ልዩነቱ 900 ነው፣ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። አሃዝ ተገላብጦ ሲገባ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ግልባጩ አይሠራም፤ ለ9 የተካፈለ ልዩነት ሁሉ መገላበጥ አይደለም።

ሥዕል ለመሣል ቪዚዮ አትግዙ፤ ዲያግራምስ ኔት ነፃ ነው፣ ምልክቶቹም አሉት። መረጃ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በሚያሳየው ዳታ ፍሎ ዲያግራም ላይ ክብ ሥራን፣ ማኅደር የመረጃ ማስቀመጫን ያሳያል፤ ነጥብ የሚቆረጠው ግብአት ገብቶበት ምንም በማይወጣበት ክብ፣ ምንም ሳይገባበት ውጤት በሚያወጣ ክብ፣ እና ከማኅደር ወደ ማኅደር በመሀል ሥራ ሳይኖር በተሣለ ቀስት ነው። ፍሎቻርት ላይ ደግሞ ብዙ ቅጂ ያለው ሰነድ እያንዳንዱ ቅጂ የት እንደደረሰ መታየት አለበት። መሀል መንገድ ላይ የቀረ ቅጂ ካለ አስተማሪው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

የኤክሴል ሳምንቶቹ ቀላል ናቸው፣ በቶሎ ያልፋሉ። በቤንፎርድ ሕግ የደረሰኞችን የመጀመሪያ አሃዝ መፈተሽ ጥሩ መልመጃ ነው፦ በ1 የሚጀምሩት 30.1 በመቶ፣ በ9 የሚጀምሩት 4.6 በመቶ አካባቢ ይጠበቃሉ። ዳታ ስትከፍቱ ግን 00417 የሚለው መለያ 417 ሆኖ እንዳይገባ ኮለሙን አስቀድማችሁ ጽሑፍ በሉት፤ አለዚያ ከሌላው ፋይል ጋር አይገጥምም።

ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ ብራውዘሩን በሚቆልፍ ፕሮግራምና በካሜራ ነው። ከፈተናው በፊት የሙከራ ኩዊዝ ካለ በዚያው ኮምፒውተርና በዚያው ክፍል ውስጥ ክፈቱት፤ የኮሌጁም ሆነ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ፕሮግራሙን መጫን ሊከለክል ይችላል። ጥያቄዎቹ ረጅም ታሪክ ይነግሩና ከአራት ትክክል ከሚመስሉ መልሶች «ይበልጥ የሚከላከለው የትኛው ነው» ይላሉ። የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ስህተቱን ከመፈጸሙ በፊት የሚያስቆም ነው ወይስ ከሆነ በኋላ የሚያገኝ? የባንክ ማስታረቅ የሚያገኝ ነው፤ ሁለት ፊርማ የሚያስቆም ነው።

ክሬዲቱን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኤአይኤስን በ3ኛ ዓመት ደረጃ ስለሚሰጡት፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ወስዳችሁት ስትዛወሩ እንደ ተጨማሪ ምርጫ ብቻ ሊቆጠር ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት የምትሄዱበትን ዩኒቨርሲቲ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ፤ የስልክ መልስ አይያዝም። ሲፒኤ (የአሜሪካ የተመሰከረለት የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ) ለሚያስብ ሰው ኮርሱ ከድሮው የበለጠ ዋጋ አለው። ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈተናው ሦስት የግዴታ ክፍልና አንድ የምርጫ ክፍል ሆኗል፤ ከሦስቱ ምርጫዎች አንዱ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስና ቁጥጥር ነው። ከኢትዮጵያ ዲግሪ ያለው ሰው ግን መጀመሪያ ዲግሪውን አስገምግሞ ምን እንደጎደለው ከሚፈተንበት ስቴት ቦርድ ይወቅ፤ አገር ቤት የወሰደው ኤአይኤስ ተቆጥሮለት እንደሆነ ሁለተኛ መክፈል የለበትም።

ፕሮጀክቱን ስታስረክቡ የአክሰስ ፋይሉን ከዋንድራይቭ ወይም ሌላ ከሚመሳሰል ፎልደር ውስጥ ከፍታችሁ አትሥሩ፤ ክፍት እያለ ሲጫን ሊበላሽ ይችላል። ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጣችሁ ሥሩ፣ ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር (ፋይሉን አጥብቦ የሚጠግነው ትእዛዝ) በሉት፣ አክሰስን ዝጉ፣ ከፋይሉ ጎን የምትታየው ትንሿ የመቆለፊያ ፋይል መጥፋቷን አይታችሁ ጫኑ። አንድ ቅጂ ከኮሌጁ አካውንት ውጭ አስቀምጡ፤ ኢሜይላችሁ ከተዘጋ በኋላ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምታሳዩት ከዚህ ኮርስ የሚተርፋችሁ ነገር ያ ፋይል ነው።